ቁልቁል ተመልካቹ አውሬ፤ የጥንት ተረት ወደ ጨዋታ ገበታ የደረሰበት መንገድ

በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ ተራራ በፈነዳ ጊዜ የሞተው የሮም ጸሐፊ ፕሊኒዮስ ስለ ፍጥረት ሁሉ 37 መጻሕፍት ጽፎ ነበር። በስምንተኛው መጽሐፉ ስለ አንድ እንግዳ አውሬ ይናገራል። አውሬው የሚኖረው በምዕራብ ኢትዮጵያውያን አገር፥ ብዙዎች የዓባይ ራስ ነው ብለው በሚገምቱት ምንጭ አጠገብ ነው። ቁመቱ መካከለኛ፥ አካሄዱም የሰነፍ ነው፤ ራሱ ብቻ እጅግ ስለሚከብደው በጭንቅ ይሸከመዋል፤ ስለዚህም ሁልጊዜ ወደ ምድር አቀርቅሮ ይኖራል። ይህስ ባይሆን ለሰው ዘር ጥፋት በሆነ ነበር፤ ዓይኑን ያየ ሁሉ በዚያው ቅጽበት ይሞታልና። ግሪኮች ይህን አውሬ ካቶብሌፖን ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም ቁልቁል ተመልካች ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የጥንት ጸሐፊዎች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ ወደ ደቡብ እስከ ምዕራብ ውቅያኖስ ድረስ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በሙሉ ማለታቸው ነው። ስለዚህ አንባቢ አውሬውን በጎጃም ወንዞች ዳር አይፈልገው። ፕሊኒዮስ ራሱም አውሬውን አላየም፤ ከሌሎች መጻሕፍት ሰበሰበ እንጂ። የጻፈውም ወሬ በ1977 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ የጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ ከነስሙ፥ ከነከባድ ራሱና ከነገዳይ ዓይኑ ተገኘ። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል 1900 ዓመት ያህል አለ። አውሬው ይህን ያህል መንገድ እንዴት እንደ ተጓዘ፥ በመንገድም ምን እንደ ጣለ መመልከት ይገባል።

ከፕሊኒዮስ በኋላ በ200 ዓ.ም. ገደማ የነበረው የግብፅ ናውክራጢስ ሰው አቴኔዎስ ሌላ ወሬ ጨመረ። የሮም ጭፍሮች በማርዮስ አዛዥነት በሰሜን አፍሪካ ከንጉሡ ከዩጉርታ ጋር ሲዋጉ፥ አቀርቅሮ በዝግታ የሚሄድ አውሬ አዩ፤ የዱር በግ መስሏቸው ሰይፋቸውን መዝዘው ሮጡበት። አውሬው በዓይኑ ላይ የወደቀውን ጋማ ነቅነቅ አድርጎ ወደ እነርሱ ቢያይ የሮጡት ሁሉ ወድቀው ሞቱ። በመጨረሻ የአገሩ ፈረሰኞች አድፍጠው ከሩቅ ወግተው ገደሉት ይላል። በዚሁ ወሬ ላይ አንድ ነገር ተቀላቀለ፤ አቴኔዎስ የጠቀሰው አንድ ጸሐፊ ይህ አውሬ ጎርጎን የሚባለው ነው አለ። ጎርጎን ግን በግሪኮች ተረት ሌላ ነገር ነበረች፤ ጠጕሯ እባብ የሆነ፥ ያያትን ሁሉ ወደ ድንጋይ የምትለውጥ ሴት። በእይታ መግደል የሁለቱም ጠባይ ስለ ሆነ የሴቲቱ ስም ወደ አውሬው ተሻገረ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1607 ዓ.ም. ኤድዋርድ ቶፕሴል የሚባል እንግሊዛዊ ካህን ስለ ባለ አራት እግር እንስሳት ትልቅ መጽሐፍ በለንደን አሳተመ። ቶፕሴል ሊቅ እንጂ አዳኝ አልነበረም፤ አብዛኛውን ነገር የቀዳው ከዙሪኩ ሐኪም ከኮንራድ ጌስነር መጻሕፍት ነው። እርሱም አውሬውን ጎርጎን ብሎ ጠርቶ እንደ ዘንዶ ያለ ቅርፊት አለበሰው፤ ከጕሮሮውም አየሩን የሚመርዝ ክፉ እስትንፋስ ይወጣል አለ። የዛሬ ሊቃውንት በወሬው ሥር እውነተኛ እንስሳ ካለ፥ በአፍሪካ ሜዳ በመንጋ የሚሰማራው፥ ራሱ ትልቅ፥ ጋማው ረዥም፥ አቀርቅሮ የሚግጠው ግኑ የሚባለው ይሆናል ብለው ይገምታሉ። ግኑም ቢሆን በእይታው ማንንም አይገድል፤ ራሱ ለአንበሳ ምግብ ነው።

አሁን ታሪኩ ባሕር ይሻገራል። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ጋሪ ጋይጋክስ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። በ1938 የተወለደው ይህ ሰው በቺካጎ በኢንሹራንስ ሥራ ላይ ነበረ፤ በ1970 ሥራውን ካጣ በኋላ ግን ቤተ ሰቡን ለማስተዳደር ጫማ ይጠግን ነበር። ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው የጥንት ጦርነቶችን በትንንሽ የእርሳስ ወታደሮች በጠረጴዛ ላይ በመድገም ነው። ከሚኒሶታ ሰው ከዴቭ አርነሰን ጋር ሆኖ ከዚህ ጨዋታ ሌላ ጨዋታ አወጣ፤ በ1974 መጀመሪያም በአንድ ሣጥን ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አድርጎ «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» በሚል ስም አሳተመው፤ ወህኒዎችና ዘንዶዎች ማለት ነው። መጀመሪያ የታተመው አንድ ሺህ ብቻ ነበረ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ የቀሩት ግን አንዱ እንደ ጦረኛ፥ አንዱ እንደ ካህን፥ አንዱ እንደ አስማተኛ፥ አንዱ እንደ ሌባ ሆነው ይናገራሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ ጨለማ ዋሻ አለ፤ ከውስጡ ትንፋሽ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነርሱም የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ነገሩ የሚያጠራጥር በሆነ ጊዜ ብዙ ገጽ ያለው የዕጣ ጠጠር ይጣላል፤ የወጣውም ቍጥር ይፈርዳል። ለክረምት ማታ በእሳት ዳር ተረት ሲነገር ላደገ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ በዚህኛው ሰሚው በተረቱ ውስጥ ገብቶ መሄዱ ነው።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ጠላት ይበላል። ተጫዋቾቹ ባለፈው ሳምንት የገደሉትን አውሬ ደግሞ ቢያገኙት ይሰለቻሉ፤ ጠባዩን አውቀውታልና አይፈሩትም። ስለዚህ ተራኪው በየሳምንቱ አዲስ ፍጥረት ማምጣት ነበረበት። ጋይጋክስ ለዚህ ሲል በመንደር ዞሮ ከሽማግሌ አፍ ተረት አልሰበሰበም፤ የሰበሰበው ከመጽሐፍ ነው፤ ከግሪክና ከሰሜን አውሮፓ አማልክት ታሪክ፥ ከመካከለኛው ዘመን የአራዊት መጻሕፍት፥ ከሺህ አንድ ሌሊት፥ በርካሽ ወረቀት ከሚታተሙ ልብ ወለዶች። መጻሕፍቱም ባለቁበት ጊዜ ከርካሽ ሱቅ በከረጢት ከተገዙ የልጆች የፕላስቲክ መጫወቻዎች ምን እንደ ሆኑ ከማይታወቁት ላይ ስም እያወጣ አውሬ አደረጋቸው፤ ብረትን ወደ ዝገት የሚለውጠው አውሬ የተወለደው እንዲህ ነው። ከዚህ የተነሣ በአንዱ የጨዋታ መጽሐፍ የባቢሎን ተረትና የሱቅ መጫወቻ በፊደል ተራ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ያ መጽሐፍ በ1977 የወጣው የአስፈሪ ፍጥረታት መጽሐፍ ነው፤ ከ350 የሚበልጡ ይዟል። ቁልቁል ተመልካቹ አውሬ በዚያ አለ፤ መኖሪያው ረግረግ ነው፤ ዓይኑን ያየ ይሞታል። ፕሊኒዮስ ስለ ከባዱ ራስ የጻፈውም አልቀረም፤ የአንገቱ ድካም ወደ ሕግ ተለወጠ፤ አውሬው ራሱን ቀና ማድረጉና አለማድረጉ ከመቶ ስንት በሚል ስሌት በዕጣ ጠጠር ይለያል። በዚያው መጽሐፍ ጎርጎን የሚባል የብረት ቅርፊት የለበሰ በሬ ደግሞ አለ፤ እስትንፋሱ የነካውን ድንጋይ ያደርጋል፤ ይህም የቶፕሴል አውሬ ነው። ባለ እባብ ጠጕሯ ሴት ደግሞ ሜዱሳ በሚለው ስም ለብቻዋ ተጽፋለች። እንግዲህ ከአንዲት ሴትና ከአንድ ሣር በል እንስሳ ወሬ ሦስት ፍጥረታት ወጡ ማለት ነው። ጸሐፊዎች ለ1900 ዓመት የተሳሳቱትን ስሕተት ጨዋታው አላረመም፤ ይልቁንም ስሕተቱን ሁሉ በየስሙ መዝግቦ ለእያንዳንዱ ጥርስና ቀንድ ሰጠው። ለታሪክ አዋቂ ይህ ጥቅም አለው፤ የቃል መንገድ በግልጽ ይታይበታልና።

ከኢትዮጵያ ምድር የወጣ ተብሎ በዚህ መጽሐፍ የተገኘው አውሬ ይህ ብቻ አይደለም። የሰው ፊት፥ የአንበሳ አካልና ሦስት ተራ ጥርስ ያለው ማንቲኮር የሚባለው በመጀመሪያ የተነገረው ስለ ህንድ ነበር። የነገሩን ወሬ የጻፈው የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ሐኪም የነበረው ግሪካዊው ክቴስያስ ነው፤ ስሙም በፋርስ ቋንቋ ሰው በላ ማለት ነው። ጳውሳንያስ የተባለው ጸሐፊ ነገሩን መርምሮ ነብር መሆን አለበት አለ። ፕሊኒዮስ ግን ወስዶ በኢትዮጵያ አኖረው። ሉክሮታ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ የአህያ ቁመት፥ የአንበሳ አንገትና ደረት፥ እስከ ጆሮ የተቀደደ አፍ፥ በጥርስ ፋንታ አንድ ወጥ አጥንት አለው፤ የሰውንም ድምፅ ያስመስላል ተብሏል። በጨዋታው መጽሐፍ ይኸው አውሬ በጭንቅ እንዳለ ሰው እየጮኸ መንገደኛን ወደ ጥፋት ይስባል። ፕሊኒዮስ ስለ ጅብ በጻፈበት ስፍራም ጅብ የእረኛውን ስም ተምሮ እየጠራ ያስወጣዋል ይላል። ጅብ በሚጮኽበት አገር ያደገ ሰው ከእነዚህ ወሬዎች ሥር ያለውን እውነተኛ ፍርሃት ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ለሮም ሰው ኢትዮጵያ የዓለም ዳር ነበረች፤ ያልታየ አገር ደግሞ ለአውሬ ሰፊ ማሰማሪያ ነው። ህንድም እንዲሁ፥ የሰሜን በረዶም እንዲሁ። ዳር በተባለው አገር የሚኖረው ሕዝብ ግን ራሱን ዳር ነኝ አላለም፤ መጽሐፍም ያነብ ነበር። በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ከተመለሱት መጻሕፍት አንዱ ፊሳልጎስ ነው፤ ይህም መጀመሪያ በእስክንድርያ እንደ ተጻፈ የሚታሰብ፥ ስለ አንበሳ፥ ስለ ንስር፥ ስለ ፊኒክስ፥ ስለ ባለ አንድ ቀንድ አውሬና ስለ ሌሎችም የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ ነው። የግዕዙን ንባብ ከጀርመንኛ ትርጕም ጋር ፍሪትስ ሆመል በላይፕሲግ ያሳተመው በ1877 ነው፤ ከጨዋታው መጽሐፍ ልክ መቶ ዓመት በፊት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው።

በፊሳልጎስና በፕሊኒዮስ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ፕሊኒዮስ ወሬ ይሰበስባል፤ ፊሳልጎስ ግን አውሬውን ካስተዋወቀ በኋላ ወዲያው ምሥጢሩን ይተረጕማል። ባለ አንድ ቀንዱን አውሬ አዳኝ በጕልበት አይዘውም፤ ንጽሕት ድንግል ብትቀመጥለት ግን መጥቶ በጭኗ ያርፋል፤ ይህም የሥጋዌ ምሳሌ ነው ይላል። ይህ ንባብ በላቲንና በአውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ ተዛምቶ የመካከለኛው ዘመን የአራዊት መጻሕፍት አባት ሆነ። በ1977 መጽሐፍ ባለ አንድ ቀንዱ አውሬ ልበ ንጹሕ ለሆነች ድንግል ካልሆነ በቀር ለማንም አይገዛም። ሕጉን የጻፈው ሰው የአክሱምን መጽሐፍ ሰምቶ አያውቅም ይሆናል፤ የአክሱም ተርጓሚና እርሱ ግን ከአንድ ግንድ ቀድተዋል። ከሁለቱ አንዱ ምሥጢሩን ያዘ፤ ሌላው ሕጉን ብቻ ያዘ።

የጨዋታው መጽሐፍ ከጥንቱ መጽሐፍ የሚለይበት ዋናው ነገር በዚህ ይታያል። በጥንቱ ተረት አስፈሪው ፍጡርና መድኀኒቱ አብረው ይነገሩ ነበር። ተረት ነጋሪው አውሬውን የሚያመጣው ሰሚው ከፍርሃት የሚወጣበትን በር ለማሳየት ነበርና ያለ መድኀኒቱ ተረቱ ጎደሎ ነው። ጨዋታው አውሬውን በጥንቃቄ ወሰደ፤ መድኀኒቱን ግን ብዙ ጊዜ በመንገድ ተወው፤ በእርሱም ፋንታ ስንት ጊዜ ቢመታ እንደሚሞት የሚናገር ቍጥር ጻፈ።

ባሲሊስክ ለዚህ ምስክር ነው። ስሙ በግሪክኛ ትንሽ ንጉሥ ማለት ነው፤ በግሪኩ መዝሙረ ዳዊት በ90ኛው መዝሙር ጻድቅ ከሚረግጣቸው ፍጥረታት አንዱ ሆኖ ተጠርቷል። ፕሊኒዮስ እንደሚለው ርዝመቱ ከ12 ጣት የማይበልጥ፥ በራሱ ላይ እንደ ዘውድ ያለ ነጭ ምልክት ያለው እባብ ነው፤ እስትንፋሱ ቍጥቋጦ ያደርቃል፥ ድንጋይም ይሰነጥቃል። ነገር ግን ፍጥረት ተወዳዳሪ የሌለው ነገር አልተወችም ይላል ፕሊኒዮስ፤ ሙጭልጭላ የምትመስል ትንሽ አውሬ በጕድጓዱ ቢጥሉበት በሽታዋ ትገድለዋለች፥ እርስዋም አብራው ትሞታለች። በጨዋታው መጽሐፍ ባሲሊስክ ስምንት እግር ያለው ትልቅ እንሽላሊት ሆኗል፤ ያየውን ድንጋይ ያደርጋል። ያች ትንሽ አውሬ ግን የለችም። ራስዋን ሰጥታ ንጉሡን የምትገድል ደካማ ፍጥረት ከታሪኩ ብትወጣ የቀረው አንድ ክፉ እንሽላሊት ነው።

የአይሁድ ጎሌም ከዚህ የተሻለ ዕድል አግኝቷል። ጎሌም የሚለው ቃል በዕብራይስጡ መዝሙረ ዳዊት ገና ቅርጽ ያልያዘ አካል ማለት ነው፤ በታልሙድም ራቫ የሚባለው መምህር ሰው ሠርቶ ወደ ባልንጀራው እንደ ላከ፥ የተሠራውም ሰው ሲያናግሩት መልስ መስጠት እንዳልቻለ ተጽፏል። በኋላ ዘመን ተረቱ በ1609 ከሞቱት ከፕራጉ መምህር ከይሁዳ ሌው ስም ጋር ተያያዘ። በብዙ ስፍራ እንደሚነገረው በጭቃው ሰው ግንባር ላይ «ኤሜት» የሚል ይጻፋል፤ እውነት ማለት ነው። ሠሪው ሊያጠፋው ሲፈልግ የመጀመሪያዋን ፊደል ይደመስሳል፤ የሚቀረው «ሜት» ነው፤ ሞተ ማለት ነው። ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ ያለ ትርጕም ይገባዋል፤ «ኤሜት» ከአምነ ሥር፥ «ሜት» ከሞተ ሥር ናቸውና። በጨዋታው የጭቃ ጎሌም በካህን እጅና ጸሎት ይሠራል፤ ከሠሪው እጅ አምልጦ ሊያብድም ይችላል። ሰው የሠራው ነገር ከሠሪው ትእዛዝ ይወጣል የሚለው የተረቱ ፍሬ ነገር ተጠብቋል። ፊደሉን የመደምሰስ ነገር ግን ቀረ፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

አንዳንድ ጊዜም መድኀኒቱ ከሌላ ስፍራ ተበድሮ ይመጣል። ራክሻሳ በህንድ ታላቅ ተረት በራማያና ውስጥ ከራማ ጋር የተዋጉ የክፉዎች ወገን ናቸው። በ1977 መጽሐፍ ራክሻሳ በተባረከ ፍላጻ፥ እርሱም በመዘውር ከሚወጠር ቀስት በተወረወረ ፍላጻ ይገደላል። ይህን የህንድ ሰው አልተናገረም፤ በ1974 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከታየ አንድ የሚያስፈራ ተከታታይ ታሪክ የተወሰደ ነው። የዓረቦች ጉልም እንዲሁ ተለውጧል። በዓረቦች ዘንድ ጉል በበረሃ መልኩን እየለወጠ መንገደኛን የሚያሳስት ጋኔን ነበረ። ከ1704 እስከ 1717 ሺህ አንድ ሌሊትን ወደ ፈረንሳይኛ የተረጐመው አንቷን ጋላን መቃብር እየቈፈረ ሬሳ የሚበላ አድርጎ አቀረበው፤ ይህንም የጨመረው ራሱ ተርጓሚው ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የጨዋታው ጉል ሬሳ በሊታው ነው፤ በረሃውም መንገደኛውም ጠፍተዋል።

ሕዝብ የፈጠረው ፍጡር ባለቤት የለውም፤ ማንም ቢወስደው የሚከስ አይገኝም። አንድ ደራሲ የፈጠረው ግን ባለቤት አለው። የጨዋታው መጀመሪያ እትም የእንግሊዙ ሊቅ የቶልኪን ሥራ የሆኑትን ሆቢቶች በስማቸው ይጠራቸው ነበር። በ1977 የመብቱ ባለቤቶች ስለ ተቃወሙ ቃሉ ተሠርዞ ግማሽ ሰው በሚል ስም ተተካ፤ ኤንት የሚባሉት የሚናገሩ ዛፎችና ባልሮግ የተባለው የእሳት ጋኔንም ስማቸው ተለወጠ። ኦርክ ግን ቀረ፤ ቶልኪን ቃሉን ያገኘው ከጥንቱ እንግሊዝኛ ስለ ነበረ የማንም ንብረት ሊሆን አልቻለም። እንዲህም ሆኖ የአንድ ፕሮፌሰር ወራሾች የተጠየቁትን ያህል የህንድም የዓረብም የአይሁድም ሕዝብ አልተጠየቀም።

በ1980 ደግሞ የአማልክት መጽሐፍ ወጣ። በእርሱ ውስጥ የግሪክና የግብፅ አማልክት ብቻ ሳይሆኑ፥ ዛሬም በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚመለኩት የህንድ ቪሽኑና ካሊ የነፍሳቸው ነጥብ በቍጥር ተጽፎ ቀረቡ። አንድ ሕዝብ የሚሰግድለትን ነገር ስንት ጊዜ ቢመታ ይወድቃል ብሎ መጻፍ፥ በዚያ ነገር ባያምኑ እንኳ፥ ከጨዋነት ውጭ ነው።

ክርስቲያኖች በጨዋታው ላይ የተነሡበት ግን በሌላ ምክንያት ነበር፤ የአጋንንት ስሞች በመጽሐፉ ስለ ተገኙ ነው። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ወላጆችና ሰባክያን ጨዋታው ወጣቶችን ወደ ጥንቆላ ያስገባል ብለው ጮኹ። አሳታሚው በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ጋኔንና ዲያብሎስ የሚሉትን ስሞች አውጥቶ ትርጕም የሌላቸው የተፈጠሩ ስሞች ተካ። አውሬዎቹ ግን እነዚያው ነበሩ፤ በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትምም የቀድሞዎቹ ስሞች ተመለሱ።

በዚህ ክርክር ብዙ ድምፅ ሲሰማ አንድ ነገር ሳይነገር አለፈ። ከእነዚያ ስሞች አንዱ አስሞዴዎስ ነው፤ በ1977 መጽሐፍ በዘጠኙ ሲኦሎች ላይ የነገሠ አለቃ ሆኖ ተጽፏል። መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሣራን ሰባት ባሎች አንድ በአንድ የገደለው ጋኔን ነው። በጦቢት ግን የተጻፈው ስለ ጋኔኑ ብርታት ብቻ አይደለም። ጦብያ በመንገድ የያዘው ዓሣ አለ፤ የልቡና የጕበቱ ጢስ አለ፤ አብሮት የሄደ መንገድ መሪ አለ፥ እርሱም ቅዱስ ሩፋኤል ነበረ፤ ከጢሱ የተነሣ ጋኔኑ ወደ ላይኛው ግብፅ ሸሸ፥ በዚያም ታሰረ። አንዲት ተስፋ የቈረጠች ልጅና አንድ ዓይነ ስውር አባት በዚሁ ታሪክ ደስ አላቸው። ከዚህ ሁሉ ለጨዋታው የተወሰደው የጋኔኑ ስም ነው። ጯኺዎቹ ስሙ በመጽሐፉ በመገኘቱ ተቈጡ፤ ዓሣውና መልአኩ በመቅረታቸው የተቈጣ ግን አልተሰማም።

ለጨዋታው ተከራካሪ የሚሆን ነገርም አለ። በገበታው ዙሪያ የሚቀመጡት ወጣቶች ሁሉ በሰይፍ ብቻ የሚያስቡ አይደሉም። ሰይፍ የማይመታው ጠላት ሲገጥማቸው ሌላ በር ይፈልጋሉ፤ አንዱ መስተዋት ያመጣል፥ አንዱ ከአውሬው ጋር መነጋገር ይጀምራል፥ አንዱም የአውሬውን ስም በቤተ መጻሕፍት ፈልጎ የጥንቱን ተረት አግኝቶ ይመለሳል። ጽሑፉ የተወውን መድኀኒት ተጫዋቹ በራሱ አሳብ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ጋይጋክስ በ2008፥ አርነሰን በ2009 ሞቱ፤ ጨዋታው ግን ዛሬ በብዙ አገርና በብዙ ቋንቋ ይጫወቱታል።

ከሁሉ የሚበረታው አውሬ በ1983 በወጣው ሁለተኛው የፍጥረታት መጽሐፍ ገባ፤ ታራስክ ይባላል። የነፍሱ ነጥብ 300 ነው፤ ያ ሁሉ ቢያልቅ እንኳ አስማተኛ ከሁሉ የሚበልጠውን የምኞት ቃል ካልተናገረበት ፈጽሞ አይሞትም። ይህ ስም የተገኘው በደቡብ ፈረንሳይ በሮን ወንዝ ዳር ካለችው ከታራስኮን ከተማ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የቅዱሳንን ገድል የሰበሰበው ያዕቆብ ዘቮራጊኔ እንደ ጻፈው፥ በአርልና በአቪኞን መካከል ባለው ዱር ከሌዋታን የተወለደ ዘንዶ ነበረ፤ በወንዙ ተደብቆ መርከብ ያሰጥም፥ መንገደኛም ይበላ ነበር። የአልዓዛር እኅት ማርታ ወደዚያ አገር መጣች፤ ሕዝቡም ለመኗት። ወደ ዱር ገብታ ሰው ሲበላ አገኘችው፤ ጠበል ረጨችበት፥ መስቀልም አሳየችው። ያን ጊዜ ዘንዶው እንደ በግ ጸጥ ብሎ ቆመ፤ እርስዋም በመቀነቷ አሰረችው፥ የአገሩም ሰዎች በጦርና በድንጋይ ገደሉት።

በታራስኮን ሰዎች ዘንድ የዘንዶው ምስል ከእንጨትና ከጨርቅ ተሠርቶ በየዓመቱ በሰኔ ወር መጨረሻ በአደባባይ ይዞራል፤ የበዓሉ ሥርዓት በ1474 በንጉሥ ረኔ ዘመን እንደ ተጀመረ ይነገራል። በ2005 ዩኔስኮ ከቤልጅግና ከፈረንሳይ ሌሎች የግዙፋን ምስሎችና የዘንዶ በዓላት ጋር አንድ አድርጎ ከሰው ልጅ ቅርሶች ቈጠረው። ምስሉ እየተወዛወዘ ሲያልፍ በከተማው ሰው መካከል ይሮጣል፥ ልጆችም እየጮኹ ይሸሹታል። በዘንዶው ፊት ነጭ ልብስ የለበሰች አንዲት ልጅ እንደ ማርታ ሆና ስትሄድ የታየችበት ጊዜም አለ።